መሃሉ የሚሰምጠው ማፊን

ጥያቄ፦ የምኖረው ካዛንቺስ ነው። የውጭ አገር አሠራር ተከትዬ የቸኮሌት ማፊን ስጋግር፣ ኦቨን ውስጥ ኩፍ ካለ በኋላ መሃሉ ይሰምጣል፤ ዳሩም ይደርቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ የከፍታው እንጂ የእርስዎ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ሊጡን ቶሎ ያሳብጠውና ውስጡ በስሎ ሳይጸና ይወድቃል። ውኃም እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ፈጥኖ ይተናል፤ ማፊኑን የሚያደርቀው ይኸው ነው።

ለ12 ማፊን 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 50 ግራም የካካዎ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ ቁንጥር ጨውና 1½ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይቀላቅሉ። አሠራሩ 2½ ቢል እንኳ አይስሙት። ካካዎው ለወተት የሚሆነው፣ ስኳር ያለበት ዓይነት እንዳይሆን ማሸጊያውን ያንብቡ። በሌላ ሳህን 2 እንቁላል (የሐበሻ ከሆነ 3)፣ 270 ሚሊ ሊትር ወተትና 120 ሚሊ ሊትር ዘይት ይምቱ።

ሁለቱን ሲያዋህዱ ማደባለቂያ ማሽን አይንኩ። በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ 15 ጊዜ ያህል ማገላበጥ ይበቃል፤ ጥቂት ጓል ቢቀር ግድ የለም። ብዙ የተማሰለ ሊጥ እንደ ላስቲክ ይሳባል።

ቅርጹን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሞልተው፣ አስቀድሞ በጋለ 200 ዲግሪ ኦቨን ለ18 ደቂቃ ይጋግሩ። ከ15 ደቂቃ በፊት በሩን አይክፈቱ። ስቴኪኒ ሲሰኩበት ሊጥ ካልያዘ በስሏል።