መልስ፦ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ገጠር መኖር ያዋጣል?

ወንድሜ፣ የቤት ኪራዩን ትቼ ገጠር ገብቼ ራሴን ብመግብ ያዋጣኛል ወይ ላልከው፣ ሊያዋጣ ይችላል። ስሌቱን ግን ከመሬቱ ጀምር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። «እሸጥልሃለሁ» የሚልህን አደራ እንዳትሰማ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የቤተሰብ ይዞታ ካለ ትልቁ ወጪ ተቃለለልህ። ከሌለ በወረዳው የተመዘገበ የኪራይ ውል ያዝ።

ደግሞ ሁሉም ነገር ከጓሮ አይገኝም። ጎመንና ድንች ቶሎ ይደርሳሉ፤ እንሰት ዓመታት ይፈልጋል። ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ማዳበሪያ፣ ሕክምናና የልጆች ትምህርት ጥሬ ብር ይጠይቃሉ። ስለዚህ ቢያንስ እስከ መጀመሪያው መኸር የሚያቆይህን ሳትይዝ ሥራህን አትልቀቅ። ላም ለመግዛትም አትቸኩል፤ በበጋ መኖው ከየት እንደሚመጣ አስቀድመህ እወቅ።