የቤት አይስክሬም ማሽን፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ቤተሰብ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለ አይስክሬም ማሽን ትጠይቁኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ዛሬ ሁሉም በሚያየው ቦታ ጠይቁኝ። ሙያዬ የፍሪጅ ጥገና ነው። አይስክሬሙን ልጆቼ አስጀመሩኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ አብዛኞቻችሁ እጅ ያለው ማሽን ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ያዞራል እንጂ አያቀዘቅዝም። ቅዝቃዜው የሚመጣው ፍሪዘር ውስጥ ካደረው ጎድጓዳ ሳህን ነው። ሁለተኛ፣ ያልፈላ ወተት ማሽን ውስጥ አይገባም። ቀጥሉ።

የሳሪሷ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? እህቴ ከአሜሪካ ማሽን ላከችልኝ። 110 ይላል። በትራንስፎርመር ቢሠራ ይበላሻል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እንደ ዓይነቱ ነው። ሳህኑ ለብቻው ወጥቶ ፍሪዘር የሚገባ ከሆነ፣ ውስጡ ትንሽ ሞተር ብቻ ነው ያለው። ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ዋት አንብቢና ቢያንስ እጥፉን የሚችል ትራንስፎርመር ግዢ፤ በቂ ነው። ራሱ የሚያቀዘቅዝ፣ ኮምፕረሰር ያለው ከባዱ ማሽን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል (60 ኸርዝ ይባላል)፣ የእኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ትንሹ ሞተር ትንሽ ዘግየት ብሎ ይዞር ይሆናል፣ ችግር የለውም። ለ60 የተሠራ ኮምፕረሰር ግን በ50 ሲሠራ ይግላል፣ ሲነሳም ብዙ ኃይል ስለሚስብ ደካማ ትራንስፎርመር ያቃጥላል። እንዲህ ሆኖ የተቃጠለ ኮምፕረሰር በእጄ ፈትቻለሁ፣ ባለቤቷ ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ጽሑፉ ላይ «50/60» የሚል ካለ እሰየው። «60» ብቻ ካለና ኮምፕረሰር ካለው አትሰኪው።

ደግሞ ኮምፕረሰር ያለው ማሽን በሻንጣ ተጋድሞ ከመጣ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና 24 ሰዓት ሳትነኩት ይቆይ። ዘይቱ ወደ ቦታው ይመለስ።

አቤል ጀማሪ፦ ማሽኔ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይሠራም ማለት ምን ማለት ነው? አይዞርም? ይዞራል ግን አይጠጥርም? እንደዚህ ተብሎ ከተጠየቅኩ ምን ብዬ ልመልስ? ዘርዝረህ ጻፍ።

የዱባይዋ፦ እኔ ከዚህ የገዛሁትን ለእናቴ ልልክ ነው። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል?

መልስ፦ አያስፈልገውም። መብራቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ሶኬቱ ባለ ሦስት እግር ስለሚሆን ማስተካከያ ጨምሪበት።

አቤል ጀማሪ፦ ይቅርታ ጋሼ። ይዞራል ግን አይጠጥርም። 40 ደቂቃ አዞርኩት፣ አሁንም እንደ አጥሚት ነው። ሳህኑን ጠዋት አስገብቼ ማታ ነው ያወጣሁት።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። የሳህኑ ግድግዳ ድርብ ነው፣ መሀሉ ላይ ፈሳሽ አለ። ያ ፈሳሽ ድንጋይ እስኪሆን መጠጠር አለበት። ከጠዋት እስከ ማታ አይበቃውም። 24 ሰዓት። ከማውጣትህ በፊት ጆሮህ አጠገብ ይዘህ ነቅንቀው። ቿ ቿ የሚል ድምፅ ከሰማህ አልደረሰም፣ መልሰው።

ሁለተኛ፣ ፍሪዘርህ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረስ አለበት። ያቺ ባለ አንድ በር ፍሪጅ ላይኛው ክፍሏ በረዶ ትሠራለች ማለት ለዚህ ትበቃለች ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ ውህዱን ለብ እንዳለ ጨምረኸው ከሆነ ሳህኑ ያለውን ቅዝቃዜ ወተት ለማብረድ ይጨርሰዋል። ውህዱ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በትክክል ከሄደ በ20 እና በ30 ደቂቃ መሀል ይደርሳል። ካልደረሰ ተጨማሪ ማዞር አያድነውም፣ ሳህኑ እየሞቀ ነው የሚሄደው።

የጀሞው፦ ለምንድን ነው ሁላችሁም አይስክሬም የምትሉት? ድሮ ጀላቲ ነበር የምንለው።

ሐና ኤም፦ ጀላቲ እኮ በእንጨት የተሰካው በረዶ ነው። ይሄ ሌላ ነው።

የጀሞው፦ ማን አለ? የጣልያን ቃል ነው። የወተቱንም ጀላቲ እንለው ነበር፣ የኛ ሰፈር ሰው ይመስክር።

የሳሪሷ፦ እኛም ሰፈር ጀላቲ ማለት በእንጨት ያለው ነው።

መልስ፦ እባካችሁ ስለ ስሙ ሌላ ጊዜ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

ሐና ኤም፦ የኔ ይጠጥራል፣ ግን በማግስቱ ከፍሪዘር ሳወጣው አሸዋ አሸዋ ይላል። ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። አሸዋ የምትይው የውሃ በረዶ ነው። ወተት ውስጥ ብዙ ውሃ አለ፤ ነፃ ሆኖ የቀረው ውሃ ቀስ ብሎ ሲበርድ ትልልቅ ቅንጣት ይሠራል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ውሃውን መያዝ ነው። ስኳር ይይዘዋል፤ ለዚህ ነው «ስኳር ቀነስኩ» ስትሉኝ የምናደደው። ከጠቅላላው ክብደት 15 እስከ 18 በመቶ ስኳር ይሁን። የዱቄት ወተት ይይዘዋል፤ በሊትር ሦስት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ። ስቡ አፍ ላይ ይለሰልሳል፤ የአበሻ ላም ወተት ካገኘሽ ስቡ ከፈረንጅ ላሟ ስለሚበልጥ ዕድለኛ ነሽ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ተልባ። የፋብሪካ አይስክሬም ውስጥ የሚገባው ማጠንከሪያ ሥራው ውሃውን ማዝለግለግ ነው። ያንኑ የሚሠራ ነገር ጓዳችን ውስጥ ተቀምጦ በውጭ ዱቄት ምን አስጨነቀን? ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ጥሬ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ 10 ደቂቃ ያህል ቀቅይ። ማንኪያውን ስታነሺው እንደ እንቁላል ነጭ ክር እየሠራ ሲወርድ ደርሷል። ትኩስ እያለ አጥሊው፤ ከቀዘቀዘ ወንፊቱ ላይ ተጣብቆ አይወርድልሽም። ከዚያ ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኩባያ። የተልባ ጣዕሙ እምብዛም አይታወቅም። በሳምንቱ አውጥተሽ ቅመሺው፣ ማንኪያው ሰተት ብሎ ይገባል። ለጎረቤቶቼ ሳልነግር አቅምሼ ተልባ አለበት ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ወለተ ማርያም፦ ወንድሜ፣ ለዓቢይ ጾም የሚሆን አለ? ልጆቹ 55 ቀን ሙሉ ይነዘንዙኛል።

የቦሌው፦ ጾም ላይ አይስክሬም? ጾሙ ከምን ነው ታዲያ?

ወለተ ማርያም፦ ወተትና እንቁላል ከሌለው ምኑ ነው ጾም የሚያስፈታው? የጾም ኬክ ስትበላ ማንም አልጠየቀህም።

የቦሌው፦ ጾም ሆድ መቀየር ብቻ አይደለም ለማለት ነው። ፈቃድንም መግታት ነው።

ሐና ኤም፦ ለልጅ ነው እኮ የጠየቀችው!

መልስ፦ ይህን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። እኔ አሠራሩን ልንገር። ለውዝ ቆልተሽ፣ ገለባውን አራግፈሽ አልሚው። 150 ግራም የለውዝ ቅቤ፣ ሦስት ኩባያ ውሃ፣ 150 ግራም ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ የተልባ ውሃ፣ ቆንጠር አድርገሽ ጨው። ፈጭተሽ አንዴ አፍልተሽ አሳድሪው። የኮኮናት ወተትም ይሆናል፣ ግን ውድ ነው። ለውዙ ስብ ስላለው ይለሰልሳል። የማንጎ ጭማቂን ብቻ አዙራችሁ «በረዶ ሆነ» የምትሉኝ፣ ስኳሩ ስላነሰ ነው።

ጠና ከደብረ ብርሃን፦ ወተቱን ለምን እናፈላለን? ከቤታችን ላም ነው የምናልበው፣ ንጹሕ ነው።

መልስ፦ ላሟ የእናንተ ብትሆንም የሳንባ ነቀርሳም ብሩሴሎሲስም በጥሬ ወተት ይተላለፋል። ንጹሕ መስሎ መታየቱ ምንም አይነግርህም። መብረድ ደግሞ ጀርሙን አይገድለውም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ከፍታ ላይ ስላለን ውሃ በ100 ሳይሆን ቀደም ብሎ ይፈላል፤ አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ እናንተ ጋ ከዚያም ዝቅ ይላል። ቢሆንም ወተት ለማዳን ከበቂ በላይ ነው። ገንፍሎ ምድጃው ላይ እንዳይፈስ ብቻ ቆመህ ጠብቀው። እንቁላል የምትጨምሩ ሰዎች፣ አስኳሉ ወተቱ ውስጥ በ82 ዲግሪ ይበስላል፣ ከ85 ካለፈ ይቋጥራል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የእንጨት ማንኪያ ንከሩ፣ ጀርባውን በጣት አስምሩ። መስመሩ ሳይሞላ ከቆመ አውርዱት። ያልፈላ ወተት ማሽን ውስጥ አይገባም ብያለሁ።

ኪዳን፦ ሳህኑ ስንት ሰዓት ነው ፍሪዘር የሚቆየው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ እንጂ ወንድሜ። 24።

የጀሞው፦ የኔ ማሽን ውህዱን ጨምሬ ስከፍተው ጠቅ ጠቅ ይልና ይቆማል።

መልስ፦ ራስህ ተናገርከው፤ ጨምረህ ነው የከፈትከው። ውህዱ የበረደውን ግድግዳ በነካበት ቅጽበት ይያዛል፣ ማማሰያውን ቆልፎ ያስቀረዋል። ሞተሩ ሲታገል የላስቲክ ጥርሱ ይበላል። መጀመሪያ አስነሳው፣ እየዞረ በላይኛው ቀዳዳ አፍስስ። እስከ አፉም አትሙላው፤ አየር ገብቶበት ስለሚያብጥ ሲሶውን ባዶ ተው። ድምፁ ወፈር ብሎ ማቃሰት ሲጀምር አጥፋው፣ ደርሷል።

ሐና ኤም፦ እጥበቱስ?

መልስ፦ ይህን ሁላችሁም ስሙኝ። ከፍሪዘር የወጣ ሳህን ላይ ሙቅ ውሃ አይፈስም። የመጀመሪያውን ሳህኔን ያጣሁት እንደዚያ ነው። አይስክሬሙን ገልብጬ ወዲያው ከማንቆርቆሪያ ትኩስ ውሃ አፈሰስኩበት። ጧ አለ። በማግስቱ ከመጋጠሚያው ፈሳሽ ጠብ ጠብ ሲል አየሁ። መጋጠሚያው ላይ የሚያንጠባጥብ ሳህን ምግብ አይነካውም፣ ጣሉት። ማስቲሽ አትለጥፉ። በክፍል ሙቀት ይሙቅ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ስፖንጅ እጠቡት። በብረት ማንኪያ አትፋቁት። ፍጹም ሳይደርቅ ፍሪዘር አታስገቡት፣ የቀረችው ጠብታ በረዶ ሆና ማማሰያውን ትይዘዋለች።

የቦሌው፦ የትኛው ማርክ ይሻላል? ዋጋውስ?

መልስ፦ ዋጋ ውስጥ አልገባም።

የዲሲ ልጅ፦ ኒንጃ ክሪሚስ? እዚህ ሁሉም የያዘው እሱን ነው።

መልስ፦ የሱ አሠራር ሌላ ነው። ውህዱ በዕቃው እንዳለ 24 ሰዓት ይጠጥራል፣ ከዚያ ምላጩ እየፋቀ ያለሰልሰዋል። ለሱ የሚሆነው ሁሉ ለእኛ አይሆንም።

ወለተ ማርያም፦ በስኳር ፈንታ ማር ባደርግስ?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ማር ከስኳር ይልቅ እንዳይጠጥር ያደርገዋል። ከስኳሩ ሩቡን ብቻ ተኪ።

ጠና ከደብረ ብርሃን፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ በሩን አትክፈቱ። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24። ለዚህ ነው ክፍቱን ቦታ ውሃ በተሞላ ሃይላንድ የምደፍነው፤ ለበረዶው ማስፋፊያ ከላይ አራት ጣት ጎደል አድርጉለት። ሳህኑ ግን ከዚያ በፊት ይለሰልሳል። መብራት ሲመጣ 24 ሰዓቱን እንደ አዲስ ቁጠሩ። ቀልጦ የሞቀ አይስክሬም ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም፣ ይጣል።

አቤል ጀማሪ፦ ጋሼ፣ አሁን አውጥቼ ነቀነቅኩት። ቿ ቿ ይላል።

መልስ፦ ጎሽ። መልሰው። ነገ በዚሁ ሰዓት አውጣው፣ ውህዱን ደግሞ ዛሬ ማታ አፍልተህ ፍሪጅ አሳድረው።