እናቴ የዓይን ቀዶ ሕክምናውን ፈሩ፤ በጸሎትና በማበረታታት እንዴት ልደግፋቸው?

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመታቸው ሲሆን ደብረ ማርቆስ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ይኖራሉ፤ እኔ ለሥራ ዱባይ ነኝ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ቡና ሲቀዱ ሲኒው ሞልቶ እስኪፈስ አያዩትም፣ ሰውንም የሚለዩት በድምፁ ነው። ሐኪሙ በቀኝ ዓይናቸው እንዲጀመር ቀን ቢሰጣቸውም፣ «እግዚአብሔር የሰጠኝን ዓይን ቢላ አይነካውም» ብለው እንቢ አሉ። ወንድሜ ደግሞ «ጸበሉ ይበቃታል» ይላል። እኔ በደወልሁ ቁጥር «አይዞሽ እማዬ፣ ምንም አይደለም፣ እጸልይልሻለሁ» እላቸዋለሁ፤ አሁን ግን ነገሩን ገና ሳነሣ ዝም ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በባዕድ አገር ሆኖ የእናትን ዓይን ማሰብ ምን ያህል ልብ እንደሚከፍል ከደብዳቤዎ ይሰማል። ምክሬን ከእናትዎ ዝምታ ልጀምር። «ምንም አይደለም» የሚለው ቃል ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ ፍርሃቱን ገና ላልተናገረ ሰው ቶሎ ሲነገረው ስለ ፍርሃቱ እንዳያወራ የተከለከለ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውሉ ከማበረታታትዎ በፊት «እማዬ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራሽ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁና፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ዝምታው ቢረዝምም ይታገሡ። በምክር ሥራዬ እንደማየው አንዱ አረጋዊ ታክሞ ያልዳነለትን ጎረቤቱን ያስባል፤ ሌላው የንስሐ አባቱ ሳይደርሱለት እንዳይሞት ይሰጋል፤ ብዙ እናቶች ደግሞ የልጃቸው ደመወዝ በእነርሱ ምክንያት እንዳያልቅ ይፈራሉ እንጂ ቢላውን አይደለም የሚፈሩት። ለእያንዳንዱ ፍርሃት መልሱ ለየቅል ስለሆነ፣ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ የሚሰጡት ማጽናኛ ቦታውን ይስታል።

ፍርሃቱ ከቀዶ ሕክምናው ከሆነ ሂደቱን በግልጽ ይንገሯቸው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የተከሰተው በዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ለዓይን ሐኪሞች የዘወትር ሥራ ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ በመሆኑ ታካሚው ነቅቶ ይሰማል፤ መነካካትና ብርሃን ሊሰማው ይችላል፣ ሕመም ግን ሊሰማው አይገባም። ፊታቸው በጨርቅ እንደሚሸፈን፣ ሳይንቀሳቀሱ በጀርባቸው መተኛት እንዳለባቸው፣ ሳል ቢመጣባቸው አስቀድመው መናገር እንደሚገባቸው ከአሁኑ ቢያውቁ፣ በዕለቱ ድንገተኛ ነገር የገጠማቸው አይመስላቸውም። ነገር ግን «እንደ ልጅነትሽ ታያለሽ» ብለው ቃል አይግቡላቸው። ስኳር ወይም ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ የዓይኑን የውስጥ ክፍል ጎድቶት ከሆነ፣ ሞራው ቢነሣም እይታው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ስለሚችል፣ ምን ያህል ተስፋ ማድረግ እንደሚቻል ወንድምዎ እናትዎ ባሉበት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ወደ ጸሎቱ ስመጣ፣ እናትዎ ጸሎትንና ሕክምናን ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ ማንም ሊያስገድዳቸው አይገባም። በመጽሐፈ ጦቢት የአባቱን ዓይን የሸፈነው ነጭ ነገር የተነሣው፣ ልጁ ጦብያ ቅዱስ ሩፋኤል እንዳዘዘው የዓሣውን ሐሞት በገዛ እጁ ሲቀባው ነው፤ ጸሎቱም መድኃኒቱም የልጅ እጅም በአንድነት አሉበት። ይህን ታሪክ ለክርክር ማሸነፊያ አያድርጉት፤ እናትዎ በሚወዱት ሰዓት አብራችሁ አስታውሱት። «እጸልይልሻለሁ» ከማለትም ይልቅ በስልክ አብረዋቸው ይጸልዩ፤ ውዳሴ ማርያም ይሁን አቡነ ዘበሰማያት፣ ምርጫው የእርሳቸው ይሁን። ለቀዶ ሕክምናው ሰዓትም በልባቸው የሚደጋግሙት አጭር ጸሎት ይምረጡ፤ ጭንቀቱ ሲበረታ አሳባቸውን የሚያሳርፉበት ነገር ይሆናቸዋል። «እምነት ያለው አይፈራም» የሚለውን አነጋገር ግን እባክዎ አይጠቀሙበት፤ በፍርሃታቸው ላይ የጥፋተኝነት ስሜት ይጨምርባቸዋል።

የንስሐ አባታቸውም ቢጨመሩ እወዳለሁ። ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ በታከመው ዓይን ጸበል ጭምር ምንም ውኃ እንዳይገባ ይመከራል፤ ጎንበስ ብሎ መስገድም ለተወሰነ ጊዜ ሊከለከል ይችላል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ የጾሙ ነገር ከሐኪሙ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። ይህን ከሐኪም ብቻ ሲሰሙት ከአምልኮ የተለዩ ሊመስላቸው ስለሚችል፣ ከንስሐ አባታቸው አንደበት ቢሰሙት በሰላም ይቀበሉታል።

ስለ ወንድምዎ አንድ ነገር ልጠቁምዎ። ሆስፒታል የሚያደርሳቸው፣ እጁን ታጥቦ ለሳምንታት የዓይን ጠብታውን በታዘዘው ሰዓት የሚያደርግላቸው፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ደግሞ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው እርሱ ነው። «ጸበሉ ይበቃታል» ያለው ይህን ኃላፊነት ብቻውን መሸከም ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመከራከርዎ በፊት «ውሳኔው የሁላችን ነው፤ የሚመጣ ነገር ቢኖር በአንተ አላሳብብም» ይበሉት። ከሕክምናው በኋላ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ዓይኑ ይበልጥ ከቀላ ወይም እይታው ከደከመ፣ «ይለፍ» ሳይባል በዕለቱ ወደ ሐኪሙ መመለስ እንዳለባቸውም ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እናትዎ አሁንም እንቢ ቢሉ፣ ቀዶ ሕክምናው ለምን ያህል ጊዜ ቢዘገይ ጉዳት እንደማያመጣ ሐኪሙን ያስጠይቁ፤ እናትዎንም ቀኑን ራሳቸው እንዲመርጡ ይጋብዟቸው። «ከፍልሰታ በኋላ ይሁን» ቢሉ፣ ሐኪሙ እስከፈቀደ ድረስ ይህን እንደ እሺታ ይቁጠሩትና ወንድምዎ በዚያው ሳምንት ቀጠሮውን እንዲያስይዝ ያድርጉ።