ክሮሚየሙ ከፋብሪካ ነው ከባዛልት?

ጥያቄሽ «በአዲስ አበባዎቹ የቀበናና የባንትይቀጡ ወንዞች ደለል ክሮሚየም፣ ዚንክና ካድሚየም ለክቼ ብክለት ለማሳየት 20 ናሙና ይበቃል ወይ? ማነጻጸሪያውን ከእንጦጦ ሥር አመጣለሁ» የሚል ነው። 20 ይበቃል። እኔን ያሰጋኝ ማነጻጸሪያው፣ ማለትም ያልተበከለ ብለሽ የምትወስጂው ናሙና ነው።

የእንጦጦ አለት ትራካይትና ራዮላይት (ሲሊካ የበዛባቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች) ነው፤ መሃል ከተማው በአብዛኛው የተቀመጠው ባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ላይ ነው። ትራካይት ውስጥ ክሮሚየም ቢገኝ ጥቂት ፒፒኤም (በኪሎ ሚሊግራም) ነው። ባዛልት ግን ፋብሪካ ሳይነካው ከ100 በላይ ሊይዝ ይችላል። የታችኛውን የከተማ ደለል ለላይኛው የእንጦጦ ናሙና ስታካፍዪ «20 እጥፍ ተበክሏል» ይልሻል፤ የለካሽው ግን የድንጋይ ልዩነት ነው። የተለመደው ማስተካከያ፣ በአሉሚኒየም ማካፈሉም አያወጣሽም፣ የሁለቱ ድንጋዮች አሉሚኒየም ተቀራራቢ ነውና። ስለዚህ ከ20ው 4ቱን ለማነጻጸሪያ መድቢ፦ 2 ከእንጦጦ፣ 2 ከባዛልት። ለባዛልቱ የሕንፃ መሠረት ቁፋሮ ፈልጊ (መሃል አዲስ አበባ እሱ አይጠፋም)፤ ከተደለደለው አፈር በታች፣ ከአለቱ ራሱ የተፈረፈረውን ውሰጂ።

የዚንክ ቅብ አካፋና የናስ ወንፊት ዚንክሽን ያበላሹብሻል። ማንሻው ፕላስቲክ፣ ወንፊቱ 63 ማይክሮን ናይለን ይሁን። በ40 ዲግሪ አድርቂ። የብረት ወፍጮ ክሮሚየም፣ የተንግስተን ካርባይድ ደግሞ ኮባልት ይጨምራል፤ የአጌት (ጠንካራ የኳርትዝ ድንጋይ) ወፍጮ ካለ በእሱ ፍጪ።

0.5 ግራም መዝነሽ መጀመሪያ 2 ሚሊ ሊትር ናይትሪክ ብቻ ጨምሪና ክዳኑን ላላ አድርገሽ ፊውም ሁድ (ጭስ መሳቢያ) ውስጥ አሳድሪው። የከተማ ወንዝ ደለል ፍሳሽ የጠገበ ነው፤ ወዲያው ብታሞቂው እንደ ወተት ገንፍሎ ናሙናሽ ሆት ፕሌቱ ላይ ይቀራል። በማግስቱ 6 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ፣ 95 ዲግሪ፣ 2 ሰዓት፤ ሲቀዘቅዝ እስከ 50 ሚሊ ሊትር ሙዪው። አኳ ሬጂያ (የሁለቱ አሲዶች ድብልቅ) ክሮሚየም የያዘውን ማዕድን ክሮማይትንና ሲሊኬትን ሙሉ በሙሉ አያሟሟም፤ ስለዚህ «ጠቅላላ ክሮሚየም» ብለሽ አትጻፊ፣ ማነጻጸሪያዎቹንም በዚሁ መንገድ አሟሚ። ሲሊኬትን የሚያሟሟውን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን ግን ተዪው፣ ለመመረቂያ ጥናት የሚያዋጣ አደጋ አይደለም። በየዙሩ 1 ብላንክ (ናሙና የሌለበት አሲድ)፣ 1 ዱፕሊኬት (የአንዱ ናሙና ድጋሚ) እና 1 የተረጋገጠ ማጣቀሻ ናሙና (ይዘቱ የታወቀ) አብረው ይግቡ።

ካድሚየም ላይ ሒሳቡን ቀድመሽ ሥሪ። ፍሌም አቶሚክ አብዞርፕሽን መለኪያው በሊትር 0.002 ሚሊግራም ድረስ ቢያነብልሽ፣ 50 ሚሊ ሊትር ለ0.5 ግራም 100 እጥፍ ማቅጠን ነውና በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ይሆናል። የምድር ቅርፊት አማካይ ደግሞ 0.1 ገደማ ነው። ከዚህ ያነሰ መጠን የሚያነቡትን ግራፋይት ፈርነስ ወይም አይሲፒ ኤምኤስ መሣሪያዎች ካላገኘሽ ሠንጠረዡ ላይ «የለም» ሳይሆን «ከ0.2 በታች» ብለሽ ጻፊ።