መሳል አልችልም፤ አርክቴክቸር ልግባ?

ሰሞኑን አንዲት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ «ጋሼ፣ ወደ አርክቴክቸር መቀየር አስቤያለሁ፤ ግን ሰው ስስል እንኳ እንጨት ነው የሚመስለው። ይሆንልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

አርክቴክቸር ስማር፣ አንደኛ ዓመት ስቱዲዮ (የንድፍ ትምህርት ክፍል) አጠገቤ የሚቀመጥ የገጠር ልጅ ነበር። እኛ የከተማዎቹ በራፒዶ (በቀጭን የንድፍ ቀለም ብዕር) ስናሰምር ጉራችን አይጣል ነው። እሱ ቀለም ባንጠባጠበ ቁጥር ካልኩን፣ ያንን ብርሃን አሳላፊ የንድፍ ወረቀት፣ በምላጭ ይፍቃል። ወረቀቱ ይሳሳል፣ ይቀደዳል፤ ሀ ብሎ ይጀምራል።

አንድ ማታ የሣር ቤት ጣራ ለምን እንደሚሾል ጠየቅሁት። አባቱ ቤት ሠሪ ነበሩ። እርሳሱን አስቀምጦ በእጁ ያሳየኝ ጀመር። ምሰሶው መሃል ይቆማል። ወጋግራው ከሱ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ማገሩ ዙሪያውን ያስረዋል። ጣራው ካልሾለ ውሃው ሣሩ ላይ ይተኛል፤ ክዳኑ የቱንም ያህል ቢወፍር ይበሰብሳል። የምድጃው ጭስ ተባይ እንደሚያባርር ሳይቀር ነገረኝ። እኔ ያንን ቤት አሳምሬ እስለው ነበር፤ በምን እንደሚቆም ግን አላውቅም።

በግምገማው ቀን አንድ መምህር የልጁን ወረቀት ከፍ አድርጎ «ይሄን ዶሮ ነው የጫረው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ዲፓርትመንት ቀየረ። ያን ማታ ያወራኝን ተነስቶ የሚናገርለት አልተገኘም።

እና ልጄ፣ አለመሳልሽ አያሳስበኝም። ፕላንና ሴክሽን፣ ማለትም ሕንፃው አግድም ተቆርጦ ከላይ ሲታይና በቁም ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚሠሩት ንድፎች፣ በማስመሪያና በስኬል ይለመዳሉ። ግን በየቀኑ ሥዕል ሞክሪ፤ ሳይስሉማ አይሆንም! ደግሞ ሜትር ግዢ። የሰፈርሽን ደረጃዎች ለኪ። ደህና ደረጃ ከፍታው ከ15 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር፣ መርገጫው 30 ገደማ ነው። ያልተስተካከለውን ጉልበትሽ ይነግርሻል። የዘንድሮ ልጆች ጀምበር ስትጠልቅ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ በኮምፒውተር ያሳዩኛል። «ደረጃው በየት ነው?» ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።

ላሊበላ ከሄድሽ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከአለቱ ጠርዝ ሆነሽ እዪው። ከአንድ አለት፣ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። እዚያ ግንበኛ የለም፤ ድንጋይ አይጨመርም። ጠራቢው የሚነሳውንና የሚቀረውን ቀድሞ ማወቅ ነበረበት። አንዴ የተቆረጠ አይመለስማ። ሴክሽን ማለት ይሄው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ሲቪል የተማርሽው ሂሳብና ስታቲክስ (የኃይሎች ሚዛን ትምህርት) ይያዝልሽ ይሆናል። ስቱዲዮ ግን በተራ ነው፤ የመጀመሪያውን ሳታልፊ ሁለተኛው የለም። አምስት ዓመቱ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ይቆጠራል። ለካርቶን፣ ለኮላና ለኅትመት የሚወጣው ብርም ቀላል አይምሰልሽ። ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ለቤተሰብሽ ንገሪያቸው።