«ሁሉንም ልፍታት ወይ?» ላለኝ ልጅ

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ወጥቶ ቤቴ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። የድሮ ሞተር የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ እኔን ጠቁመውት ነው። ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አወጣና የአያቱን ቬስፓ ፎቶ አሳየኝ። ቀለሟ ለቋል፤ ወንበሯ ተቀዷል።

«ትነሳለች አባባ። ብቻ በጣም ታጨሳለች። ላድሳት ፈልጌ ነበር፤ ሁሉንም ልፍታት ወይ?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። ሻይ ጠጣ አልኩት። ስለ እናት አባቱ ጠየቅኩት። አያቱ በሕይወት እንዳሉ ነገረኝ፤ በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ አለ። ይሄኔ ጭራሽ አፌ ተያዘ። ልጁ ሻዩን ጨርሶ፣ ግራ እንደተጋባ ሄደ።

ልጄ፣ ይኸው መልሱን እየጻፍኩልህ ነው። የድሮ መኪናና ሞተር የሚወዱ ሌሎች ልጆችም እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነሱም ያንብቡት። ዘይት ቀይሩ፣ ጎማ አስነፉ የሚለውን ግን አልጽፍም። ይህን ያልሰማ የለም።

እኔ ጋራዥ የገባሁት በ1961 ዓ.ም. ነው፣ በ14 ዓመቴ፣ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ። ሙያውን ያስተማሩኝን ሰው ጋሼ ነበር የምላቸው። እዚህም ጋሼ ልበላቸው። ጋሼ ደግሞ ልጅ ሆነው ከጣሊያኖች ሥር መፍቻ እያቀበሉ ነው የለመዱት። ዛሬም ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው)፣ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው)፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ የምንለው ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ጣሊያን ደሴን በ1928 ያዘ። በሚያዝያ 1933 ተሸንፎ ሲለቅ ያመጣውን መኪናና ሞተር ሁሉ ይዞ አልሄደም። ለጋሼም ከዚያ ቅሪት ሞቶ ጉዚ የምትባል አንዲት የጣሊያን ሞተር ብስክሌት ደረሰቻቸው። እንዴት እንደደረሰቻቸው በጠየቅናቸው ቁጥር ታሪኩ ይለዋወጥ ነበር።

እስቲ ስለ ሞተሯ ላውራ። ባለ አንድ ሲሊንደር ናት፣ 500 ሲሲ። ሲሊንደሯ እንደ ሌሎቹ ቀጥ ብሎ አልቆመም። ወደ ፊት ተጋድሞ ነፋሱን ይቀበላል። የሲሊንደሩ ስፋት 88 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 82 ነው። ጋራዥ ገብቼ መጀመሪያ በቃሌ የያዝኩት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው። በጎኗ ቮላኖው፣ ማለትም ያ ከባድ ክብ ብረት፣ ከሞተሩ ውጭ ሆኖ እያየኸው ይሽከረከራል። እሱ ከባድ ስለሆነ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ አትቸኩልም። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። እያንዳንዷን ምት መቁጠር ትችላለህ። የሠራት ፋብሪካ በ1921 በፈረንጆች አቆጣጠር የተቋቋመ ነው፣ ሰሜን ጣሊያን፣ ኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ማንዴሎ በምትባል ከተማ። ዛሬም አለ።

እሑድ እሑድ ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ደርሰው ይመለሳሉ። የሰፈር ልጅ ሁሉ ይከተላቸዋል። አንድ ቀን እኔን ከኋላ ጭነው ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ወረድን። ጉም ነበር። ፊት ለፊት ምንም አይታይም። ጋሼ ግን በየመታጠፊያው የሚመጣውን መኪና በድምፁ ይለዩታል። «ኤንትሬ ነው፤ ከብዶታል» ይሉኛል። እውነትም ትንሽ ቆይቶ የተጫነ ኤንትሬ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል።

ኤንትሬን የማታውቁ ትኖራላችሁ። ፊያት 682 የሚባል የጭነት መኪና ነው፣ መሪው በቀኝ፣ ናፍታ ሞተሩ ከ10 ሊትር በላይ። ከአሰብ ተነስቶ፣ በባቲ አድርጎ፣ ነጭ አቧራ ለብሶ ኮምቦልቻ ይገባል። ሾፌሮቹ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ። ኮምቦልቻ ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን አትከድንም ነበር። ሻይ ቤቱ ክፍት፣ ጎሚስታው ክፍት። የአሰብ መንገድ በ1990 ከተዘጋ ወዲህ ያንን ድምፅ አልሰማሁም። ይናፍቀኛል።

ወደ ሞተሯ ልመለስ። ጋሼ «መፍቻ ከማንሳትህ በፊት ስማ» ይሉኝ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ «እዚህ ጋ ነው» ይላሉ። ሲፈታ እዚያው ጋ ነው።

በ1978 የጋሼ ዓይን ጠፋ። ያኔ የራሴን ጋራዥ ከፍቻለሁ። ከቤታቸው የሚለየኝ አንድ አጥር ነው። ሞተሯን ለእኔ ሰጡኝ። «ባትነዳትም ግድ የለም። እሑድ እሑድ ግን አስነሳት። ከቤቴ ሆኜ እሰማታለሁ» አሉኝ። ሁለት ዓመት እንዳሉት አደረግኩ። እሑድ ጠዋት አስነሳታለሁ፤ ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አንዳንዴ በአጥሩ ማዶ «ዛሬ ቤንዚን በዝቶባታል» ይሉኛል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ሳየው ልክ ናቸው።

በ1980 መጨረሻ ከቫልቮቿ በኩል ቀጭን ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ጀመረች። ዛሬ ብትጠይቀኝ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የቫልቩን ክፍተት መለካት፣ ማስተካከል፣ ማሰር። እኔ ግን 33 ዓመቴ ነው። ስም አውጥቻለሁ። ሌላ ጋራዥ ያቃተው መኪና እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ጋሼን ላስደንቃቸው አልኩ። ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጌ በእጃቸው ላስዳስሳቸው ፈለግኩ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የመጨረሻዋን ቡሎን ሳይቀር ፈታሁ። ምልክት አላደረግኩም። ወረቀት ላይ አላሰፈርኩም። በጭንቅላቴ አለ አልኩ። ዕቃውን በጣሳ በጣሳ አስቀመጥኩት። በ77ቱ ድርቅ የመጣው የእርዳታ ዘይት ጣሳ ያኔ በየቤቱ ነበር። አሥራ አንድ ጣሳ ሞላ።

የፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት፣ ማለቁን ያየሁት ከፈታሁት በኋላ ነው። ሌላ ይገኛል ከተባለ አስመራ ነው። የሰሜኑ መንገድ ደግሞ በጦርነቱ የተነሳ አይኬድበትም። እጠብቃለሁ አልኩ። እስከዚያ የአሰብ መስመር ሥራ ተደራረበ። የልጆች ዳቦ ነው፣ እምቢ አይባልም። ጣሳዎቹ ከመደርደሪያ ወደ መሬት ወረዱ፤ ከመሬት ወደ ጓሮ ሄዱ።

የመጀመሪያው እሑድ ጋሼ በአጥሩ ጠሩኝ። «ዛሬ አላስነሳሃትም?»

«ቤንዚን የለም ጋሼ» አልኩ። ያኔ ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ውሸቱ ያስኬዳል። በሁለተኛው እሑድ ካንዴላዋ ሞቷል አልኩ። በሦስተኛው ምን እንዳልኩ አላስታውስም። በኋላ መጠየቅ ተዉ።

በ1981 ጥቅምት አንድ ጠዋት የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ጋራዥ አመጣቻቸው። ቀጥታ ሞተሯ ወደምትቆምበት ጥግ ሄዱ። እጃቸውን ዘረጉ። ምንም የለም። አንድ እርምጃ ጨምረው እንደገና ዘረጉ። ከዚያ የሥራ ጠረጴዛውን እየዳበሱ መጡና እጃቸው ቮላኖው ላይ አረፈ። ዙሪያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ሁለት ጊዜ። እኔ ቆሜ አያለሁ።

«ቀዝቅዛለች» አሉ።

ቆይተው ደግሞ፣ «መቼ ነው የምትገጥማት? አንዴ ልስማት ብዬ ነው» አሉኝ።

«በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጋሼ» አልኩ።

ጋሼ ያረፉት በ1982 ጥር ነው።

ዓመት ከሦስት ወር ነበረኝ። ፋሻ ጠፍቶ ነው ማለት አልችልም። በአሮጌው ፋሻ ብገጥማት ትነሳ ነበር። ታጨስ ነበር፤ ግን ትነሳ ነበር። ለአንድ እሑድ፣ ለአንድ ደቂቃ። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። የምታጨስ ሞተር የእኔ እጅ ሥራ ናት ብዬ ጋሼ ፊት ማስነሳት አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ግንቦት 1983 ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ጋራዡን ዘግቼ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ስመለስ ጣሳዎቹ የሉም። ለቆራሌው ተሽጠዋል አሉኝ። ማን እንደሸጣቸው አልጠየቅኩም። ቮላኖው ብቻ ጠረጴዛው ሥር ቀርቶ አገኘሁት። በ2014 ጥቅምት ደግሞ ደሴን ለቀን ስንወጣ አልጋ ሥር ትቼው ሄድኩ፤ ኅዳር አልቆ ስንመለስ እዚያው ነበር። አሁንም አለ። በየዓመቱ ጥር ላይ ዘይት እቀባዋለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሁሉንም ልፍታት ወይ ላልከኝ፦ አትፍታት። የምትነሳ ሞተር አትፈታም። አንድ ነገር ፍታ፣ አጽዳ፣ ግጠም፣ አስነሳ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፍ። ማታ ስትተኛ ሞተሯ ተገጥማ ትደር።

ጭሱ የሚያስፈራህ ይመስለኛል። የድሮ ቬስፓ ቤንዚኗ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባላት፤ ስለዚህ ትንሽ ጭስ ተፈጥሮዋ ነው። ጥያቄው ስንት ዘይት ነው የምታደርጉላት የሚለው ነው። አብዛኞቹ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ይበቃቸዋል፤ በጣም የቆዩት 50 ይፈልጋሉ። የአንተ የትኛዋ እንደሆነች በሻንሲ ቁጥሯ ታገኘዋለህ። በዓይን ግምት መቀላቀል ይቅር። የመድኃኒት መስፈሪያ ግዛ። ካንዴላዋን አውጥተህ እይ፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቶባታል ማለት ነው። ልኩን ጠብቀህም ነጭ ጭስ ከበዛ፣ የካምቢዮው ዘይት ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ካምቢዮዋ የሚይዘው 250 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አፍስሰህ ለካው። ከጎደለ ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት አልቋል። እሱን ብቻ ትቀይራለህ።

ደግሞ የት ነው የምታጨሰው? ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። መንገዱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ አየሩ ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ የተስተካከለ ካርቡራተር ደሴ ሲወጣ አየር ያንሰውና ቤንዚን ይበዛበታል። ይሄ ሕመም አይደለም። ስንቱ ልጅ በዚህ ምክንያት ደህና ሞተር እንደፈታ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐረጎን ስትወርድ ደግሞ ተጠንቀቅ። መኪና ቢሆን በከባድ ማርሽ ውረድ፣ እግርህን ከነዳጁ አንሳ እልህ ነበር። ለቬስፓ ይሄ ምክር ገዳይ ነው። ቤንዚኑን ስትዘጋ ዘይቱም አብሮ ይዘጋል። ሞተሩ ደርቆ እየተሽከረከረ ይግልና ፒስተኑ ይነክሳል፤ የኋላ ጎማህ መታጠፊያው ላይ ቀጥ ይላል። በየመሐሉ ትንሽ ቤንዚን ስጣት። እጅህም ከፍሪሲዮኑ አይራቅ።

አትፍታ ያልኩት ግን ፍሬን ላይ አይሠራም። ፍሬን ሁሉም ይፈታ፣ ሁሉም ይታይ። ቮልስ ወይም የድሮ ፊያት ያላችሁ ልጆች፣ የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። በሁለት ዓመት ካልቀየራችሁት ሐረጎ ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል። ለቀለም ገንዘብ ታወጣላችሁ፣ ለፍሬን ዘይት ትሰስታላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። ማርሚታ ቆርጦ ማስጮህም ያናድደኛል። ሞተሩ ምን እያለ እንደሆነ በምን ልትሰሙት ነው?

የዛሬ ልጆች ሙያውን ከስልክ ላይ ለመማር መሞከራችሁም አይጥመኝም። ጆሮ በስልክ አይሠለጥንም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ስልክ ቢኖረኝና እያንዳንዷን ዕቃ ስፈታ ፎቶ ባነሳ፣ ሞተሯን በሁለት ቀን እገጥማት ነበር። ስለዚህ ፎቶ አንሳ። ብዙ አንሳ።

በሚመጣው ቅዳሜ እኔ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። አሮጌውን ቤንዚን ከአሁኑ አፍስሰህ ጠብቀኝ፣ አዲስ ካንዴላም ግዛ። ለአያትህ ንገራቸው፤ ወንበራቸውን ከበር ላይ እንዳያነሱ። እዚያው አጠገባቸው ነው የምናስነሳት።