የቡናና የእጣን ከሰል ፎቅ ቤት ውስጥ በምን ይቀጣጠል?

እህቴ፣ አራት ኪሎ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ የቡናና የእጣን ከሰል በኤሌክትሪክ ምድጃ ላቀጣጥል ወይስ በቡታጋዝ ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔ ኤሌክትሪክ እመርጣለሁ። ግን መጀመሪያ ምድጃሽን እዪው። ሽቦው በግልጽ የሚታይ ከሆነ ከሰል አታስቀምጪበት። የጋለ ከሰል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በብረት ጉጠት ስትነኪው ሊይዝሽ ይችላል። ሽቦው በብረት የተሸፈነው፣ ጥምጥም ቅርጽ ያለው ይሻላል። መስታወት ምድጃ ላይ አትሞክሪ፣ ይበላሻል። ከሰሉ አነስ አነስ ያለ ይሁን። አንዴ ገልብጪው፤ ጠርዙ ነጭ አመድ ሲለብስ ደርሷል።

መብራት ሲጠፋ ቡታጋዝ አለልሽ። ከላዩ ወንፊት መሳይ ብረት አድርጊበት፣ አለዚያ አመዱ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ላምባና ፌስታል ግን በፍጹም! የላምባው ሽታ ቡናውንም እጣኑንም ያበላሻል። የፌስታል ጭስ ደግሞ መርዝ ነው፣ ልጆች ካሉማ አይታሰብም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጭሱ ከጠፋ በኋላ ያለው ነው። ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ክረምት ነው፣ ብርድ ነው ብለሽ በርና መስኮት ዘግተሽ እንዳትቀመጪ። በረንዳ ካለሽ እዚያ አቀጣጥለሽ አስገቢው። ሦስተኛው ሲጠጣ ፍሙን መልሰሽ አውጪው፤ ክፍል ውስጥ ትተሽ እንዳትተኚ። ራስሽን ካመመሽ ወይም ካዞረሽ ቡናውን ተይውና ቶሎ ወደ ውጭ ውጪ።